ሁለቱ የሚያበሩ ፍሬዎች

ቶኪዮ ውስጥ ናካኖ ብሮድዌይ የሚባል የገበያ ሕንጻ አለ። ኤስካሌተሩ ሰውን ከአንደኛ ፎቅ አንሥቶ፣ ሁለተኛውን ዘሎ፣ ሦስተኛው ላይ ያወርዳል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጉዳይ ያለው ሰው ወይ በእግሩ ይወጣል ወይ ከላይ ተመልሶ ይወርዳል። የእኔ ጉዳይ ሦስተኛው ላይ ስለነበር ደረጃው ለእኔ ታስቦ የተሠራ መሰለኝ።

ናካኖ ከሺንጁኩ በባቡር 5 ደቂቃ ቢሆን ነው። ከጣቢያው ሲወጡ ጣሪያ የለበሰ የገበያ መንገድ ይቀበላል፤ ጫማ፣ ዳቦ፣ መድኃኒት፣ ዓሣ የሚሸጥበት። እሱን እስከ መጨረሻው ሲሄዱ ብሮድዌይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተከፈተ ሕንጻ ነው፤ ታችኞቹ ፎቆች ሱቅ፣ ላይኛዎቹ መኖሪያ ናቸው። ዛሬ ስሙ የወጣው በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው የቆዩ የሥዕል መጽሔቶችና አሻንጉሊቶች ሲሆኑ፣ ሌላው ያገለገለ ሰዓት ነው። ሮሌክሱ፣ ኦሜጋው፣ ሴይኮው ከመስታወት በስተጀርባ በረድፍ ተኝቷል፤ ከእያንዳንዱ ሥር በሴንቲሜትር የተጻፈ ቁጥር አለ። መጀመሪያ የሰዓቱ ስፋት መስሎኝ ነበር። ለካ የእጅ ልክ ነው፤ ማሰሪያው ስንት ሴንቲሜትር እጅ እንደሚያቅፍ የሚናገር።

ቶኪዮ የሄድኩት ለሥልጠና ነው። ማደሪያችን ሃታጋያ የሚባል ሰፈር ነበር። ከሰፈሩ አጠገብ ኮሹ ካይዶ የተባለው ሰፊ መንገድ ያልፋል፤ አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 1964 የሮጠበት መንገድ ይኸው ነው። ከብሔራዊ ስታዲየም ተነሥቶ፣ በዚህ መንገድ ወደ ምዕራብ ሄዶ፣ ተመልሶ ገባ። የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። ሰዓቱ 2:12:11.2፤ ሁለተኛው ሲገባ ከ4 ደቂቃ በላይ አልፎ ነበር። አበበ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ የሚታይበትን ፊልም ያላየ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ብዙዎቻችን የማናስበው ግን ያንን ደቂቃና ሴኮንድ የያዘው ማን እንደነበር ነው። የቶኪዮ ኦሊምፒክ ይፋዊ ሰዓት ያዥ ሴይኮ ነበር።

እንግዲህ ያገለገለ ሰዓት ልግዛ ብዬ ስነሣ የስዊዝ አላማረኝም። ሰበቤ አበበ ነው ብል ግን ግማሽ ውሸት ይሆንብኛል። የቀረው ግማሽ የስድስተኛ ክፍል የሒሳብ መምህራችን ናቸው። ሴኮ ፋይቭ የሚባል የሴይኮ ሰዓት ነበራቸው። ባትሪ የሌለው፣ በእጅ እንቅስቃሴ የሚሞላ። ሰኞ ጠዋት ቆሞ ሲገኝ ጠመኔያቸውን አስቀምጠው እጃቸውን እንደ ጠበል ያራግፉት ነበር፤ እኛም ትምህርቱ አምስት ደቂቃ እስኪዘገይ በፍቅር እናያለን።

የእኔ ምኞት ግራንድ ሴይኮ ነበር። ያው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ፣ ከስዊዞቹ አላንስም ብሎ የሚሠራው የቅንጦት ሰዓት ነው። እስከ 2017 ድረስ ፊቱ ላይ፣ ከላይ «ሴይኮ» ተብሎ ይጻፍበት ነበር፤ ግራንድ የሚለው ከታች ነው። ይህ ነገር አገር ቤት ስገባ ምን እንደሚያስከትልብኝ ያን ጊዜ አላሰብኩም።

ሻጩ ወጣት ነው፤ ነጭ ጓንት አጥልቋል። በስልኩ አስተርጓሚ እየተጋገዝን አወራን። ሰዓቱን ጥቁር ጨርቅ በለበሰች ትሪ ላይ አኖረልኝና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ጀርባው ላይ ያለው ቁጥር በ«2ኤን» ይጀምራል። ሴይኮ ላይ የመጀመሪያው ምልክት የዓመቱ የመጨረሻ አኃዝ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ወሩ፤ ከ9 በኋላ ላሉት ወራት ፊደል ይገባል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2002። ውስጡ ያለው ሞተር 9ኤስ55 ይባላል፤ በሰሜን ጃፓን ኢዋቴ ውስጥ የተገጣጠመ፣ በሰዓት 28,800 ጊዜ የሚመታ፣ አንዴ ከሞላ 50 ሰዓት የሚቆይ ነው። በቀን ከ5 ሴኮንድ በላይ እንዳይቀድም፣ ከ3 በላይ እንዳይዘገይ ተፈትኖ ነው የወጣው። ልጁ ትንሽ መሣሪያ ላይ አስቀምጦ ምቱን አሰማልኝ፤ በስክሪኑ ላይ ነጥቦች ተከታትለው አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሠሩ።

እኔም የማውቃትን ያህል መረመርኩ። ያገለገለ ሰዓት ሲገዙ መጀመሪያ የሚታየው ጠርዙ ነው። ደጋግሞ የተወለወለ ሰዓት እንደ ታጠበ ሳሙና ጠርዙ ይሟሟል፤ ይኼኛው ጠርዙ እንዳለ ነው። ቀጥሎ ማሰሪያውን በጎኑ አግድም ይዞ ማየት ነው። በፍሬዎቹ መካከል ላብና አቧራ ሲገባ እንደ ሞረድ ይበላቸዋል፤ ያረጀ ማሰሪያ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ይረግባል። ይህ ደህና ነው። ሆኖም አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። ከመቆለፊያው አጠገብ ያሉት ሁለት ፍሬዎች ከሌሎቹ ይልቅ ያበራሉ። ሌሎቹ በሃያ ዓመት ውስጥ የጠረጴዛና የእጅጌ ጭረት በልቷቸዋል፤ እነዚህ ሁለቱ ግን አንዲት ጭረት የለባቸውም።

ስልኩን ተቀብዬ ጠየቅኩ። ልጁ ሳቀ። የቀድሞው ባለቤት ማሰሪያው ሰፍቶት ሁለት ፍሬ አስቀንሷል፤ ፍሬዎቹ ሃያ ዓመት ካርቶኑ ውስጥ ተኝተዋል፤ ሱቁ ለሽያጭ ሲያቀርበው መልሶ ሰክቷቸዋል። ስለዚያ ሰው የማውቀው ይህን ብቻ ነው፤ ከእኔ በሁለት ፍሬ የቀጠነ እጅ እንደነበረው። ሙሉ ማሰሪያው ለእኔ ልክ ሊሆን ነው።

ስሙን ሱቁ ያውቀዋል። በጃፓን ያገለገለ ዕቃ መነገድ እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ የራሱ ሕግ አለው፤ ነጋዴው ፈቃድ ያወጣል፣ ዕቃ ይዞ የመጣውን ሰው ማንነት ያረጋግጣል፣ ይመዘግባል። እኛ አገር ያገለገለ ስልክ ስንገዛ «ካርቶኑ አለ?» ብለን የምንጠይቀው ለዚሁ ነው፤ ካርቶን ግን ምስክር ሆኖ አያውቅም። የማን ነበር የሚለው ጥያቄ ደግሞ በትልልቆቹ ዘንድም አለ። እ.ኤ.አ. በ1954 ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስዊዘርላንድ የተበረከተላቸው የፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት በ2017 ጄኔቫ ላይ ለጨረታ ሊቀርብ ተዘጋጅቶ፣ የባለቤትነት ጥያቄ ተነሥቶበት ከጨረታው ወጥቷል። የኔው ከዚያ ጋር አይወዳደርም፤ ነገር ግን ልጁ የዋስትና ወረቀቱን ከጀርባው ቁጥር ጋር አመሳክሮ ሲያሳየኝ ልቤ አረፈ።

ዋጋው 238,000 የን ነበር። ፓስፖርቴን አይተው የ10 በመቶውን የፍጆታ ግብር ቀነሱልኝ።

ከዚያ ጥፋቴን ሠራሁ። ወሩ ጥር ነው፤ ከውጭ ያለው ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ እጄ ተኮማትሯል። ሰዓቱን ባጠልቀው ወደ መዳፌ ወረደ። «አንድ ፍሬ ይቀነስ» አልኩ። ልጁ አመነታ። አመልካች ጣቱን በማሰሪያውና በእጄ መካከል ሰድዶ አሳየኝ፤ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ ሰዓት እጅ ላይ ጥብቅ ሲል ነው የሚያምር የምል ሰው ነኝ። አስቀነስኩ። ከሁለቱ የሚያበሩት አንዱን አወለቀና በጥፍር ልክ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከተተልኝ፤ በሁለት እጁ አቅርቦ፣ ጎንበስ ብሎ። ከረጢቷ ውስጥ ምን ምን እንዳለ እንኳ አላየሁም።

ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ወደ ካትሱሺካ ሄድኩ። በምሥራቅ ቶኪዮ ያለ ወረዳ ነው፤ ዮትሱጊ በሚባለው ሰፈር ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። እንጀራ ያምረኝ ነበር። ከጎኔ የተቀመጠ ሰው፣ አሥራ ምናምን ዓመት የኖረ፣ እጄን አየና «ሴኮ ገዛህ?» አለኝ። «ግራንድ ነው» አልኩ፤ ግራንዱ አልገባውም። «ወንድሜ፣ አገር ቤት ስትገባ እንዳትነካው» አለኝ።

«ምኑን?»

«ሰዓቱን ነዋ! የዚህ አገር ሰዓት የእኛ ነው። እናቴ ሦስት ሰዓት ላይ ደውል ካለችኝ፣ እዚህ ሦስት ሲል እደውላለሁ። ስንት ዓመቴ! አንድም ቀን ደምሬ ቀንሼ አላውቅም።»

ሹሮዬን እየጠቀለልኩ በሆዴ አሰላሁት። ቶኪዮ ከአዲስ አበባ በ6 ሰዓት ይቀድማል። የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በ6 ሰዓት ይለያል። አዲስ አበባ ላይ ከጠዋቱ አንድ ሲሆን ፈረንጁ ሰባት ይላል፤ ያን ጊዜ ቶኪዮ ላይ ቀትር አልፎ አንድ ሰዓት ሆኗል። በሰዓቱ ፊት ላይ ቆጣሪው አንድ ላይ ነው። እዚያም አንድ፣ እዚህም አንድ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤቴ ስደውል ስድስት ስደምርና ስቀንስ ከርሜ ነበር፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም በስሌት ስሕተት ባለቤቴን ከእንቅልፏ ቀስቅሻታለሁ።

አውሮፕላኑ ሴኡል ኢንቾን አርፎ ተነሣ፤ ሴኡልም የምትቆጥረው እንደ ቶኪዮ ስለሆነ ምንም አልተለወጠም። ሌሊቱን ስንበር እጄ አበጠ። ከአልጋ ወጥቶ ወንበር ላይ ለሚያድር ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ማሰሪያው ግን ሥጋዬ ውስጥ ገባ። ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት። ቦሌ ልናርፍ ስንል አስተናጋጇ በእንግሊዝኛ የአዲስ አበባን ሰዓት ነገረችን፤ ሰባት ከአሥር። ከኪሴ አወጣሁት። አንድ ከአሥር ይላል። በአማርኛው ስትደግመው «ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ» አለች። ከጎኔ ያሉት ሁሉ ሰዓታቸውን ሲያሽከረክሩ እኔ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

ማሰሪያው ግን እንዲህ አልተመቸም። የአዲስ አበባ ፀሐይ ቶኪዮ ጥር ላይ የተለካ እጅን አታውቀውም። ከሰዓት በኋላ የማሰሪያው ንድፍ ቆዳዬ ላይ ይታተማል። ቅዳሜ ጠዋት ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብዬ ራሴ ልሠራው ተነሣሁ። ከማሰሪያው ውስጠኛ ገጽ ላይ ቀስቶች ተቀርጸዋል፤ ፒኑ በየት በኩል እንደሚወጣ ይናገራሉ። በወፍራም መርፌ ገፋሁት። አልነቃነቅ አለ። የጫማ ተረከዝ እንደ መዶሻ አድርጌ ሁለት ጊዜ ኳ፣ ኳ አደረግሁት፤ ወጣ። ከከረጢቷ ፍሬዋንና ፒኗን አውጥቼ ሰካሁ። ፒኑ ሲገባ እንደ ቅቤ ገባ። በራሴ ተገረምኩ። ሲወጣ የተከራከረኝ ፒን ሲገባ ለምን ዝም አለ ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ጥሩ ነበር።

ሁለት ቀን ለበስኩት። ሰዉ ግን አልገባውም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ እጄን ይዞ አገላብጦ «የድሮ ዕቃ መቼም ጥንካሬው!» አለኝ። አጎቴ «የአባትህ ነው?» አሉ። ያን ሁሉ የን ከፍዬ የመምህሬን ሴኮ ፋይቭ ያጠለቅሁ መሆኔን ያኔ ነው ያወቅሁት። ቅር አላለኝም ብል አጋነንኩ፤ ትንሽ ቅር ብሎኛል።

ሰኞ ማታ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ሂሳብ ልሰጥ እጄን ስዘረጋ አንድ ነገር ቀለለኝ። ኳ! ወለሉ ብረት ነው። ረዳቱ ጎንበስ ብሎ አነሣውና «ፋዘር፣ ሴኮዎ!» አለኝ። ማሰሪያው ሁለት ቦታ ተከፍቷል። አንደኛው ፒን ሲገኝ ሌላው በሰው እግር መሀል ጠፋ። ሃያ ዓመት ሙሉ የተጠበቀው ጠርዝ ላይ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ጠባሳ ወጣች።

አራት ኪሎ አካባቢ፣ ጥላ ሥር የሚቀመጡ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ አሉ። ቀድሞ ፒያሳ ነበሩ፤ ሰፈሩ ሲፈርስ መስታወት ሳጥናቸውን ይዘው ወጡ። ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ማሰሪያውን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ።

«ማነው የነካካው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ቱቦዋ የታለች?»

«የቱ ቱቦ?»

ማጉያውን አውልቀው ዓይኔ ላይ እንድይዘው ሰጡኝ። በፍሬው መሀል ያለችውን ቀዳዳ አሳዩኝ። ይህ ዓይነቱ ፒን ራሱን ችሎ አይቆምም። በመካከለኛው ቀዳዳ ውስጥ ከአንድ ሚሊሜትር እምብዛም የማትበልጥ የብረት ቱቦ ትቀመጣለች፤ ፒኑ በእሷ ውስጥ ሲያልፍ ነው የሚነክሰው። እኔ ፒኑን በጫማ ስመታ ቱቦዋ ምንጣፌ ውስጥ ወድቃለች። ቅቤ ያልኩት ባዶ ቀዳዳ ነበር።

«ፍሬዋን የሰጡህ በምን ነው?» አሉ።

ከረጢቷ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች። ነጭ ወረቀት ዘርግተው ገለበጧት፤ ምንም። በጥፍራቸው ጥጓን ቧጠጡ፤ ደግመው ገለበጧት። እንደ ጤፍ ያለች ነገር ወረቀቱ ላይ ተንከባለለች። ፕላስቲኩ ላይ ተለጥፋ ነበር የቆየችው። ያ ጓንት ያጠለቀ ልጅ እሷንም ቆጥሮ ሰጥቶኛል። «አየህ፣ ሰው ሙሉ አድርጎ ሲሰጥህ» አሉና ሳይጨርሱት ወደ ሥራቸው ጎነበሱ።

አንድ ቱቦ ግን አይበቃም፤ መገጣጠሚያው ሁለት ነው። ከሳጥናቸው የፊልም ጥቅል ቆርቆሮ አወጡ፤ የሞቱ ሰዓቶች ፒንና ቱቦ ሞልቶበታል። የሚመስል ፒን ለኩና በፋይል አሳጠሩ። ቱቦዎቹን በምላሳቸው ባራሱት መርፌ ጫፍ እያነሡ ሞከሩ። የመጀመሪያዋ ሰፋች። ሁለተኛዋ ሰፋች። ሦስተኛዋ አልገባም አለች። አራተኛዋ ገባች፤ ፒኑንም ሲገፉ ጥርሱን የነከሰ ሰው ድምፅ አሰማ። ያንን ድምፅ ቅዳሜ ዕለት መስማት ነበረብኝ። ጣታቸውን በማሰሪያውና በእጄ መሀል ሰደዱ፤ የቶኪዮው ልጅ እንዳደረገው፤ ያው አመልካች ጣት። «ይኼ ነው ልኩ፣ ልጄ።»

የሚያበሩት ሁለት ፍሬዎች አሁን ጎን ለጎን ናቸው።

ሽማግሌው ዕቃቸውን መሰብሰብ ጀምረው ነበር፤ ሊመሽ ነው። ሰዓቱን መልሰው ተቀበሉኝና ፊቱን አዩ። «በእኛ ነው የሞላኸው» አሉ። አልሞላሁትም፣ እንዲሁ መጣ ብዬ ነገሩን አስረዳኋቸው። ጥቂት አሰቡና ትንሿን የቀን መስኮት በጥፍራቸው ነኩ። የቶኪዮ እኩለ ሌሊት ለእኛ የምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ ቀኑ የሚገለበጠው ፀሐይ ስትገባ ነው ማለት ነው። «እንደ ቤተ ክርስቲያን ነዋ! ከሰርክ ጀምሮ የነገ ነው» አሉና ሳቁ። «ታዲያ ቁጥሩንስ ለምን የፈረንጅ ታደርገዋለህ? በእኛ አድርገው።»

አሰብኩት። የቀን መቁጠሪያው እስከ 31 ይሄዳል። በፈረንጁ ቢሆን በዓመት አምስት ጊዜ ብቻ ነው እጅ የሚያስፈልገው፤ በእኛ ግን ከመስከረም እስከ ነሐሴ በየወሩ አንድ ጊዜ፣ ጳጉሜን ሲያልቅ ደግሞ አንድ ጊዜ፤ አሥራ ሦስት።

«ይሁን፣ አሁን ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

«አሁንማ አይነካም።» መስኮቷን ወደ ብርሃን አዘነበሉልኝ። የዛሬው ቁጥር ግማሹ ወርዷል፤ የነገው ግማሹ ብቅ ብሏል። «ጥርሶቹ ተያይዘዋል፤ አሁን ብገፋው ይሰበራል። ነገ ጠዋት ና።» ጥላቸውን አጠፉት፤ ሳጥናቸውን በጨርቅ ሸፈኑ። «ጳጉሜን ባለቀ ማግስት ጠዋትም ና» አሉኝ ከኋላዬ፤ «ያን ቀን ብዙ መግፋት አለው።»